ሣሩን የማየት ግዴታ

በአነጋገራችን ውስጥ ሣር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከስሕተት ጋር ተያይዞ ነው። ሣሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ የገባው በሬ የስስታምና የችኩል ሰው አምሳል ሆኖ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፏል። በሬው የተወቀሰው ያማረውን ተመልክቶ የሚያጠፋውን ባለማስተዋሉ ነው፤ ወቀሳውም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ምሳሌው የሚነግረን የስሕተትን አንድ ፊት ብቻ ነው። ሌላ ፊትም አለ፤ ይኸውም ገደሉን አይቶ ሣሩን የማያይ ሰው ስሕተት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ችኩል አይባልም፤ እንዲያውም ጥንቁቅና አርቆ አሳቢ ይባላል። አደጋን ከሩቅ አይቶ «አይደረግ» ይላል። የከለከለው ነገር ግን የሣሩ ሕይወት የተደገፈበት ምሰሶ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ሰው የምድርን ጸጋ ሲጠቀምም ሆነ ሲጠብቅ የሚፈጽመው ተግባር በጎ የሚባለው ምን ሲያሟላ ነው? መከልከል በራሱ በጎነት ነውን? መፍቀድስ በራሱ ፍትሕ ነውን? አሳብን ከአሳብ ጋር ብቻ ከማጋጨት ይልቅ ጥያቄውን በሁለት የአገራችን የሣር ምድሮች፣ በመንዝ ጓሳና በቦረና ሜዳ፣ ላይ አቁመን ብንመረምረው መልሱ ይበልጥ የሚጨበጥ ይሆናል።

አስቀድሞ የሣርን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ዛፍ ወደ ላይ የሚያድገው ከጫፉ ነው፤ ጫፉ በተቆረጠ ቁጥር እድገቱ ይሰናከላል። ሣር ግን የሚያቆጠቁጥበት አካሉ ከመሬት ጋር ተጣብቆ፣ አንዳንዴም ከአፈር በታች ተሸሽጎ ስለሚኖር ከብት ግጦት፣ ማጭድ አጭዶት፣ እሳትም ለብልቦት እንደገና ይበቅላል። ስለዚህ ሣር መነካትን የሚችል፣ በብዙ ሥፍራም መነካትን የሚሻ ፍጥረት ነው። ለረጅም ዘመን ሳይነካ የቆየ ሣር ያለፈው ዓመት ደረቅ ቅጠሉ ተከምሮ አዲሱን ቡቃያ ያፍነዋል። በአንጻሩ ደግሞ ቅጠል ባወጣ ቁጥር የሚነጭ ሣር በሥሩ ያከማቸውን ስንቅ ጨርሶ ይሞታል። እንግዲህ የሣር ሕይወት የቆመው በመነካትና በመተው መካከል ባለው ጊዜ ላይ ነው። የሣር ምድርን የሚያስተዳድር ሰው ሊጠይቀው የሚገባው «ልንካው ወይስ አልንካው?» ብሎ ሳይሆን «መቼ? ምን ያህል? ለስንት ጊዜ?» ብሎ ነው። ይህ የእረኝነት ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የሥነ ምግባር ጥያቄም ነው። መጠንን ማወቅ ከጥንት ጀምሮ ከበጎ ምግባራት አንዱ ሆኖ ሲቆጠር ኖሯልና።

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ደጋ ጓሳ ይባላል። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ሣር ነው። የጓሳ ሣር በችምችም ጉብታ እየሆነ የሚያድግ፣ ጠንካራና ረጅም ነው። የመንዝ ሰው ቤቱን ይከድንበታል፤ ገመድ ይገምድበታል፤ እረኛውም ከብርድና ከዝናብ የሚከለልበትን ገሳ ይሠራበታል። በድርቅ ዓመት፣ ሌላው ግጦሽ ሁሉ ሲያልቅ፣ የከብቱ የመጨረሻ ተስፋ ይኸው ጓሳ ነው። ከዚህም በላይ ጉሙንና ዝናሙን ይዞ ቀስ እያለ ወደ ምንጮች የሚለቅ በመሆኑ፣ ከዚህ ውኃ ከፋይ ደጋ የሚነሡ ወንዞች ከፊሎቹ ወደ ዐባይ፣ ከፊሎቹም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ።

ብርድ በሚጸናበት ከፍታ ሣር ቶሎ አያድግም። የመንዝ አባቶች ይህን በመረዳት ቄሮ የተባለውን ሥርዓት አቆሙ። በትውፊት እንደሚነገረው የዚህ ርስት አቅኚ አባቶች አስቦና ጌራ ናቸው፤ ሥርዓቱም ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲሠራበት እንደቆየ ይታመናል። በቄሮ ሥርዓት ጓሳው ለሦስት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። በዚያ ዘመን ማንም ከብት አያሰማራበትም፤ ማጭድም አያሳርፍበትም። የጥበቃው አለቃ አባ ቄራ ይባላል። መክፈቻው ቀን የሚወሰነው በዘመን አቆጣጠር ሳይሆን ሣሩ ታይቶ ነው። ለመታጨድ ደርሶ እንደሆነ ይመረመራል፤ የሕዝቡም ችግር ይመዘናል። ከዚያ በኋላ ይከፈታል፤ ተጠቃሚው አጭዶና አግጦ ሲያበቃ ምድሩ እንደገና ይዘጋል። ክልከላው ማየትንና መጠበቅን አንድ ላይ ያስተሳሰረ ነበር።

ይህ ሥርዓት የጠበቀው ሣርን ብቻ አልነበረም። በጉብታዎቹ ሥር አይጦችና ፍልፈሎች ይኖራሉ። እነሱን አድኖ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ነው፤ ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም፤ ለአካለ መጠን የደረሰው ቁጥሩም ከ500 በታች ነው። በዚያው ምድር ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ በብዙ መቶ እየተሰበሰበ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል። ጭላዳም የዚህች አገር ብቻ ነው፤ ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ ኑሮውን በዋነኛነት በሣር ላይ የመሠረተ እሱ ብቻ ነው። በጓሳ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት አንድ አስደናቂ ነገር ገልጧል። ቀይ ቀበሮ በጭላዳዎች መካከል በዝግታ ይመላለሳል፤ ግልገሎቻቸውን አይነካም፤ እነሱም አይሸሹትም። ብቻውን ሲያድን ከመቶ ሙከራው የሚሳካለት 25 ያህሉ ሲሆን፣ ከጭላዳዎቹ ጋር ሲሆን ግን 67 ያህሉ ይሳካለታል። እንግዲህ ሣሩ ጭላዳውን፣ ሣሩ አይጡን፣ አይጡ ቀበሮውን ይመግባል፤ ጭላዳውም ሳያውቀው ለቀበሮው አጋዥ ይሆናል። ሣሩ ሲመናመን የሚበጠሰው አንድ ክር አይደለም፤ ድሩ ሁሉ ይላላል። ያለ ልክ የሚገባ ከብት ሣሩን ከመጨረሱ ባሻገር ውሻን ያስከትላል፤ ውሻም የእብደት በሽታን ለቀበሮው ያቀብላል።

ይህን ሥርዓት ስናደንቅ ግን እንከኑን መሸፈን የለብንም። ቄሮ የርስት ሥርዓት ነበር። ወደ ጓሳ የሚያስገባው መብት ከአቅኚ አባቶች የሚወርድ የዘር መብት ነበር፤ ከዚያ ሐረግ ያልተወለደ ሰው ችግሩ ቢጸናም የባለ መብትነት ድርሻ አልነበረውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲታወጅ ይህ የዘር መብት ከመሠረቱ ፈረሰ። ያ ውሳኔ ለብዙዎች ፍትሕ ነበር፤ በገዛ ቀየው ባይተዋር ሆኖ ለኖረ ገበሬ የጓሳ በር መከፈት ትንሽ ነገር አልነበረም። ነገር ግን ከርስቱ ጋር ጥበቃው አብሮ ፈረሰ። በሩ ለሁሉ ሲከፈት የሚዘጋው ሰው ታጣ። ሣሩ ሳይደርስ ታጨደ፤ ከብቱ ያለ ወቅቱ ገባ፤ በየዳርቻውም እርሻ ገፋ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብበት የሚገባ እውነተኛ አጣብቂኝ አለ። የቀድሞው ሥርዓት ሣሩን ያየ፣ ጎረቤቱን ግን ያላየ ነበር። አዲሱ ጎረቤቱን አየ፤ ሣሩን ግን አላየም። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብንባል የምንመርጠው የቱን ነው? ግፍ ያለበትን ልምላሜ ወይስ ጠፍ የሆነውን እኩልነት? ጥያቄው በዚህ መልክ ሲቀርብ ሐሰተኛ ጥያቄ መሆኑን ያሳየው ራሱ የመንዝ ገበሬ ነው። ከአዋጁ በኋላ የአካባቢው የገበሬ ማኅበራት ተመካክረው የጋራ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ የመዝጋትና የመክፈትን ልማድ ከዘር ሐረግ አላቅቀው በነዋሪነት ላይ መሠረቱት። ጓሳም በኋላ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ በክልል ሕግ እውቅና አግኝቷል። ከዚህ የምንማረው፣ እኩል የመካፈል ፍትሕ የሚካፈሉትን ነገር ከመጠበቅ ግዴታ ጋር ካልተጣመረ ለአንድ ትውልድ ብቻ የሚበቃ ፍትሕ መሆኑን ነው። ዛሬ ሁላችን እኩል ተካፍለን ብንጨርሰው ነገ የሚወለደውን ሁላችን በአንድነት በድለነዋል።

ከዚህ ተነሥቶ አንድ ሰው «እንግዲያውስ ጓሳን ያዳነው ክልከላ ስለሆነ ክልከላ በጎ ነው» ሊል ይችላል። ይህ መደምደሚያ ፈጥኖ የተደረሰበት መሆኑን ለማየት ከደጋው ወርደን ወደ ደቡብ፣ ሞቃትና ደረቅ ወደ ሆነው የቦረና ሜዳ እንለፍ።

የቦረና ሕዝብ የከብት ሕዝብ ነው። ለሣርና ለውኃ ያለው ሕግ በገዳ ሥርዓቱ ውስጥ ጉልህ ሥፍራ አለው። የሚታለቡት ላሞች በመንደር አቅራቢያ ሲውሉ ወራ፣ ሌላው መንጋ ራቅ ወዳለ ግጦሽ ሲጓዝ ፎራ ይባላል። ለጥጃ የሚታጠረው ግጦሽ ካሎ ነው። በበጋ ሁሉም ወደ ጥልቆቹ የቱላ ጉድጓዶች ይሰበሰባል፤ ዝናም ሲጥል ከጉድጓዶቹ ርቆ ይበተናል፤ በዚህም በጉድጓዶቹ ዙሪያ ያለው ሣር እንዲያገግም ፋታ ያገኛል። ከዚህ ሁሉ ጋር ቦረና እሳትን እንደ መሣሪያ ይጠቀም ነበር። በበጋው ማብቂያ ዝናም ከመጣሉ በፊት የደረቀውን ሣር ያቃጥላል። እሳቱ የከረመውን ገለባ ያጸዳል፤ መዥገርን ይቀንሳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሣሩ መካከል የሚበቅለውን የግራርና የቁጥቋጦ ችግኝ ገና በልጅነቱ ይለበልበዋል። ሣሩ ሕይወቱ ከአፈር ሥር ስለሆነ ከዝናሙ ጋር ያቆጠቁጣል፤ ችግኙ ግን ወደ ላይ ሳያድግ ይቀራል።

በ1960ዎቹ ማብቂያ ገደማ መንግሥት ይህን ማቃጠል ከለከለ። ከልካዮቹ ክፉ አሳብ አልነበራቸውም። ደን በእሳት ሲወድም፣ ምድር ሲራቆት ያዩ ሰዎች ነበሩ፤ እሳት ጥፋት መሆኑን ከሌላ ሥፍራ ተምረው መጥተዋል። በእነሱ ዓይን የሚነድ ሜዳ ገደል ነበር። ገደሉን በደንብ አይተውታል፤ ያላዩት ሣሩን ነው። እሳቱ ሲቀር በዓመት ውስጥ የታየ ክፉ ነገር አልነበረም፤ ሜዳው እንዲያውም ይበልጥ ለምለም መሰለ። ነገር ግን ችግኞቹ ከእሳት ነበልባል ከፍታ በላይ አደጉ። እሾሃማው ግራር ጥቅጥቅ ብሎ ብርሃኑንና የአፈሩን እርጥበት ወሰደ። ሣሩ ሳሳ፤ ሣሩ ሲሳሳ ደግሞ ቢፈቀድ እንኳ እሳት የሚሄድበት ማገዶ ጠፋ። በዚህ መንገድ ለውጡ ራሱን በራሱ የሚያጸና ሆነ።

እውነቱን ለመናገር የሜዳው መለወጥ ምክንያት እሳት መከልከሉ ብቻ አይደለም። በየቦታው የተቆፈሩ ኩሬዎች ከብቱን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሥፍራ እንዲቆይ አድርገዋል፤ የሕዝቡ ቁጥር ጨምሯል፤ እርሻ ወደ ግጦሹ ገብቷል፤ ድርቅም ተመላልሷል። ሆኖም እነዚህ ሁሉ የሚገናኙበት አንድ ነጥብ አለ፤ የመነካትና የመተው ሚዛን ፈርሷል። ሚዛኑ ሲፈርስም የእንስሳቱ ዓለም አብሮ ተለወጠ። ሣር የሚግጠው ከብት ሲጎሳቆል፣ ቅጠል የሚቀጥፉት ግመልና ፍየል በረከቱ። ላምን የክብሩ መለኪያ ያደረገ ሕዝብ ግመል አርቢ እየሆነ መጣ። ይህ የእርባታ ለውጥ ብቻ አይደለም፤ የማንነት ለውጥም ነው።

ከሰው ዓይን የተሰወረ ሌላ ጉዳትም አለ። ከነገሌ ቦረና ከተማ አጠገብ ባለው የሊበን ሜዳ አንዲት ትንሽ፣ ቡናማ፣ በሣር መካከል እየተሹለከለከች የምትኖር ወፍ አለች፤ የአእዋፍ ተመራማሪዎች የሊበን ላርክ ይሏታል። እ.ኤ.አ. በ1975 ነበር በሳይንስ መዝገብ ስም የተሰጣት፤ ይህም የእሳቱ ክልከላ ከጸናበት ዘመን ጋር ይገጣጠማል። በጅግጅጋ አካባቢ ያለችውም ወፍ የዚችው ዝርያ መሆኗ በኋላ ታውቋል። ወፏ የምትሻው ዛፍና ቁጥቋጦ የሌለበት፣ ጎጆዋን የሚሸሽግ ሣር ያለበት ገላጣ ሜዳ ነው። ሜዳውን ከአንድ ወገን ቁጥቋጦ፣ ከሌላው ወገን እርሻ፣ ከመካከሉም ያለ ፋታ የሚግጥ መንጋ ሲያጠብበው የምትሄድበት አጣች። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት በአፍሪካ ዋናው ምድር ላይ ስትጠፋ የምትመዘገበው የመጀመሪያዋ ወፍ እሷ ትሆን እንደሆነ እስከ መጠየቅ ደርሷል።

አሁን የሥነ ምግባሩን ጥያቄ በቀጥታ እንጋፈጠው። ልጆቿ የተራቡባት እናት በአንዲት ቡናማ ወፍ መጥፋት ለምን ትጨነቅ? ይህን ጥያቄ የሚንቅ ሰው ረኀብን የማያውቅ ነው። የመጀመሪያው መልስ ቀላል ነው፤ ወፏና ጥጃው የሚሹት አንድ ሣር ነው። በሊበን ሜዳ ኅብረተሰቡ ቁጥቋጦውን መንጥሮ በካሎ ልማድ ግጦሹን አጥሮ ሲያሳርፍ ሣሩ መልሶ በቅሏል፤ ለጥጃው ግጦሽ፣ ለወፏም መሸሸጊያ ተገኝቷል። የወፏ መመናመን ለእረኛው ቀድሞ የሚደርስ ማስጠንቀቂያ ነው።

ነገር ግን በዚህ መልስ ብቻ ረክተን ብንቆም ወፏን ያከበርናት ስለጠቀመችን ብቻ ይሆናል። የማትጠቅምበት ቀን ቢመጣስ? እዚህ ላይ መልሱ ከጥቅም በላይ መውጣት አለበት። ሰው ያልሠራውን፣ ቢጠፋም መልሶ ሊሠራው የማይችለውን ነገር በእጁ ሲያገኝ ባለቤት ነኝ ለማለት የሚያበቃው ምክንያት ደካማ ነው፤ ባለአደራ ነኝ ቢል ግን ከእውነቱ ጋር ይስማማል። ባለአደራ ደግሞ አደራውን ሊጠቀምበት ይችላል፤ ሊያጠፋው ግን አይችልም። እናቲቱ ሣሩን መጠቀሟ መብቷ ነው። ሣሩ እንዳያልቅ የሚያደርገውን ሸክም ግን በእሷ ላይ ብቻ መጫን ግፍ ነው፤ ወተቱን በከተማ የሚጠጣው፣ ሕጉን በቢሮ የሚጽፈው፣ ስለ ወፏ በሩቅ የሚያነበውም ሁሉ የሸክሙ ተካፋይ ነው።

ከሁለቱ ሜዳዎች የምናገኘው ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው። በመንዝ መዝጋት ሣሩን አዳነ፤ በቦረና መከልከል ሣሩን ጎዳ። በመንዝ ያለ ልክ መፍቀድ ጥፋት ሆነ፤ በቦረና ማቃጠልን መፍቀድ ሕይወት ነበር። ስለዚህ በጎነቱ በክልከላው ወይም በፈቃዱ ላይ የተጻፈ አይደለም። ለድርጊቱ በጎነት የሚሰጠው ከድርጊቱ በፊት ያለው ማየት፣ ከድርጊቱም በኋላ ያለው እንደገና ማየት ነው። በጎ አሳብ አስፈላጊ ነው፤ ግን አይበቃም። ሌላውን ሕይወት የሚነካ ሥልጣን በእጁ የያዘ ሰው ስለዚያ ሕይወት የማወቅ ግዴታ አለበት፤ ሊያውቀው ሲችል ሳያውቅ የቀረ ሰው «አሳቤ በጎ ነበር» ብሎ ከተጠያቂነት አያመልጥም።

ማወቅ ሲባል ደግሞ የአንድ ወገን እውቀት ብቻ አይደለም። አባ ቄራው ሣሩ መድረሱን ያውቃል፤ የቀበሮውን በሽታ የሚመረምረው ግን ባለሙያው ነው። የቦረና ሽማግሌ እሳቱን መቼ እንደሚለኩስ ያውቃል፤ የግራሩን መስፋፋት በየዓመቱ መዝግቦ የሚያነጻጽረው ተመራማሪው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የቀደመው ክልከላ እንኳ ሊታረም ይችላል፤ በቦረና በኋላ በቁጥጥር ሥር ማቃጠል በሙከራ እንደገና መጀመሩ ለዚህ ምስክር ነው። ሕግ መታረሙ ውርደት አይደለም፤ ሣሩ እየሞተ ሕጉ ሳይታረም መቅረቱ ነው ውርደቱ።

በዚህ ረገድ የኪነ ጥበብ ሰውም ድርሻ አለው። ገሳ የሚሠራበት ሣር ሲጠፋ ገሳው ይጠፋል፤ ገሳው ሲጠፋ አሠራሩን የሚያውቁ እጆች፣ አሠራሩን የሚሰይሙ ቃላትም ይጠፋሉ። ፎራ የማይወጣ ትውልድ ፎራ የሚለውን ቃል በመዝገብ ብቻ ያገኘዋል። ስሙን የማናውቀውን ነገር ደግሞ ሲጠፋ አናየውም። ስለሆነም ደራሲው፣ ሠዓሊውና ዘፋኙ የየምድሩን ሣር በስሙ፣ በወቅቱና በጠባዩ ሲያውቁትና ሲያሳውቁት የሚያገለግሉት ውበትን ብቻ አይደለም፤ ሕግ አውጪው ሊያይ የሚገባውን ነገር በፊቱ ያቆማሉ። ከመፍቀድ በፊት፣ ከመከልከልም በፊት፣ ጎንበስ ብሎ ሣሩን ማየት የሁላችንም ግዴታ ነው።